ክፋት ከባሕርይ ነውን ወይስ ከወሰን መውጣት?

እግዚአብሔር በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በባሕር ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እንደ ፈጠረና መልካም እንደ ሆነ እንዳየው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ ሳለ፣ ሰው ከእነዚያው ፍጥረታት አንዱን ጠንቅ ብሎ ሰይሞ ሊያጠፋው ሲነሣ፣ ነገሩ የእጅ ሥራ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል። መልካም ሆኖ የተፈጠረው ጠንቅ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ክፋቱ ከባሕርዩ ተገኝቶ ነውን፣ ወይስ ከሌላ መጥቶበት? በቤቱ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግበት የጨው ውሃ ገንዳ ያቆመ ሰው ሁሉ፣ አይፕታሲያ የምትባለውን አኔሞን በዓለቱ ላይ ባየ ጊዜ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም ከዚህ ጥያቄ ፊት ቆሟል።

አኔሞን አበባ የምትመስል እንስሳ ናት፤ እግሯን ከዓለት ላይ አጣብቃ፣ በአፏ ዙሪያ የተደረደሩትን ጣቶቿን በውሃው ውስጥ ዘርግታ፣ የነካትን ሁሉ መርዝ ባላቸው ጥቃቅን መንደፊያዎች እየነደፈች ትመገባለች። አይፕታሲያ ግንዷ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ መልኳ ብርሃን የሚያሳልፍ ቡናማ፣ የጣቶቿም ጫፍ የሾለ ስለ ሆነ፣ ደግሞም ጥቂት ሲነኳት ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ፈጥና ስለምትሰበሰብ ትታወቃለች፤ ማጃኖ የምትባለው ሁለተኛዋ ጠንቅ ግን አጭርና ደንዳና፣ ብዙ ጊዜም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆና የጣቶቿ ጫፍ ድቡልቡል ነውና፣ ውበቷ የባለቤቱን ዓይን አታልሎ እንደ ጌጥ ያስጠብቃታል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ከባሕር በመጣ ዓለት ወይም በአዲስ ኮራል ሥር ተሸሽገው ነው። በቱቦ ውስጥ የሚኖረው፣ ላባ የመሰለ ዘውድ ያለው ትል ደግሞ ሲነኩት እንደ አይፕታሲያ ስለሚሰበሰብ፣ ሳይመረምር የሚፈርድ ሰው ውሃውን የሚያጣራለትን ንጹሑን ገድሎ በደለኛዋን ይተዋል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ለይቶ ማወቅ ይቀድማል።

ለይቶ ያወቀውም ሰው ሊፈርድባት ሲሻ ክፋቷን በባሕርይዋ ውስጥ አያገኘውም። አይፕታሲያ እንደ ብዙዎቹ ኮራሎች በሥጋዋ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ታኖራለች፤ እነርሱ ከብርሃን የሚያዘጋጁትን ምግብ ያካፍሏታል፣ እርስዋም መጠለያ ትሰጣቸዋለች። የባሕር ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ይህ ማኅበር ፈርሶ ኮራል የሚነጣበትን ምክንያት ለመመርመር ሊቃውንት አይፕታሲያን በቤተ ሙከራ ያሳድጓታል፤ በቀይ ባሕር ዳር በቱዋል ያለው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 የዘሯን መዝገብ አንብበው ለዓለም አሳውቀዋል። በአንዱ ገንዳ ጠንቅ የተባለችው በሌላው ገንዳ መምህርት ሆነች። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረ ጊዜ፣ ሰውን የሚገድለው መርዛም ተክል ለአንዳንድ ወፎች ምግብ መሆኑን አመልክቶ፣ በከንቱ የተፈጠረ አንድ ስንኳ እንደሌለ አስረድቷል፤ ይህም ትምህርት በአይፕታሲያ ላይ ሲፈጸም ይታያል፤ ቤርጊያ የምትባል፣ ቅርፊት የሌላት ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ከአይፕታሲያ በቀር ሌላ ምግብ አታውቅምና፣ ለእኛ ጠንቅ የሆነችው ለእርስዋ የዕለት እንጀራዋ ናት።

እንግዲህ ጠንቁ ከባሕርይ ካልመጣ ከሥርዓት መፍረስ መጥቷል ማለት ነው። በሰፊው ባሕር ለአይፕታሲያ የሚበሏትም የሚሻሟትም አሉ፤ በመስተዋት በተከበበው ጠባብ ባሕር ግን በላተኞቿ ሳይከተሏት እርስዋ ብቻዋን ገብታለች፤ ባለቤቱም ለዓሦቹ አብዝቶ ከሚበትነው ምግብ የተረፈው ለእርስዋ ማዕድ ይሆናል። ከወሰኗ ያወጣት ሰው ነው፤ ያበዛትም ሰው ነው። ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 ስለ አኳሪየም ዝነኛ መጽሐፍ ያሳተመውና ለአይፕታሲያ ወገንም ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ፣ የባሕርን ፍጥረት አሳይቶ ፈጣሪን ሊያስመሰግን የወደደ ጽኑ ሃይማኖተኛ ሰው ነበረ፤ ሆኖም መጽሐፎቹ የቀሰቀሱት ፍቅር ሰብሳቢዎችን እየሰደደ የእንግሊዝን ዓለታማ ዳርቻ ውበት እንዳራቈተው፣ ልጁ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ በኀዘን መስክሯል። መልካም አሳብ እንኳ ወሰንን ካላከበረ ጥፋትን ይወልዳል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በመሰለው ምሳሌ የእርሻው ባለቤት ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እንክርዳዱን እስከ መከር ይተዉት ዘንድ አገልጋዮቹን አዝዟልና፣ ጠንቂቱንም መተው ይገባል ይል ይሆናል። ነገር ግን ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ልጆች ፍርድ ነው፤ ዛሬ እንክርዳድ የተባለው ሰው ነገ ንስሐ ገብቶ ስንዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና የመጨረሻው ፍርድ ለእውነተኛው ዳኛ ተጠብቋል። አኔሞን ግን ኀጢአትም ንስሐም የላትም፤ በእርስዋ ላይ የሚሠራው ሥራ ከፍርድ ወገን አይቈጠርም፣ የአደራ ጥበቃ ነው። ኮራሉን ከባሕሩ አውጥቶ ወደ ቤቱ ያመጣ ሰው ለኮራሉ ሞግዚት ሆኗል፤ መንደፊያዋ ሲያቃጥለው ዝም ብሎ ቢመለከት፣ ዝምታውን ትዕግሥት ብሎ ሊጠራው አይችልም፤ አደራ በላ ሆኗል። ሆኖም ምሳሌው ለዚህም ሥራ የሚሆን ተግሣጽ አለው፤ በችኰላና በቁጣ የሚነቅል እጅ ሊያድነው የወደደውን ይጎዳልና።

የዚህ ተግሣጽ እውነት በአይፕታሲያ ላይ ጐልቶ ይታያል። በወረንጦ ቢጐትቷት ወይም በምላጭ ቢቈርጧት፣ በዓለቱ ላይ የቀረችው ጥቂት የእግሯ ቁራጭ እንደ ገና አካል አውጥታ ሌላ አይፕታሲያ ትሆናለች፤ ስለዚህ በቁጣ የተነሣ ሰው አንዲቱን ሊያጠፋ ብዙ ተክሎ ይመለሳል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ንጹሕ ኖራ በጥቂት ውሃ ያወፍሩና፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ዘግተው፣ ሳያስደነግጧት በስሪንጅ ከአፏ ላይ ቀስ ብለው ያፈሱባታል፤ ኖራ ሥጋን ያቃጥላልና እጃቸውን በጓንት ዓይናቸውንም በመነጽር ይጠብቃሉ፤ በአንድ ቀን ብዙ ኖራ ቢገባ የውሃው ጠባይ ስለሚናወጥም ጥቂት በጥቂት ይሠራሉ። መብዛቷ ከእጅ ሥራ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ቤርጊያን፣ ወይም ፔፐርሚንት የሚባለውን ሽሪምፕ፣ ወይም አፈ ረጅሙን ቢራቢሮ ዓሣ ማስገባት ይቻላል፤ ሽሪምፑና ዓሣው ሌላ ምግብ ሲያገኙ ሊተዉአት፣ አልፎ አልፎም ሌላውን የገንዳ ነዋሪ ሊነኩ ይችላሉ፤ ቤርጊያ ደግሞ ምግቧ ባለቀ ጊዜ በረኃብ ትሞታለችና፣ ያስገባት ሰው ሥራዋን ስትፈጽም አይፕታሲያ ወዳለበት ሌላ ገንዳ ሊያሸጋግራት ይገባዋል። የጠሩትን ረዳት ረስቶ በረኃብ መግደል ሁለተኛ በደል ነው።

ክፋት እንግዲህ የራሱ ባሕርይ የለውም፤ መልካሙ ፍጥረት ከወሰኑ ሲወጣ የሚገኝ ጉድለት ነው፤ ወሰኑንም ያፈረሰው ሰው ከሆነ፣ ጠንቁን ማስወገድ ጠላትን ድል ከመንሣት ይልቅ ለንስሐ ይቀርባል። ንስሐም በደልን ለይቶ ማወቅን ብቻ ሳይሆን የበደልን ምክንያት መተውን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ኖራ አፍስሶ ነገ እንደ ቀድሞው ምግብ የሚያበዛ፣ አዲሱንም ዓለትና ኮራል በሌላ ገንዳ ለይቶ ሳያቆይና ሳይመረምር የሚያስገባ ሰው፣ ኃጢአቱን ተናዝዞ ወደዚያው እንደሚመለስ ሰው ነው። ለሰው በፍጥረት ላይ የተሰጠው ሥልጣን የማዘዝ መብት ከመሆኑ አስቀድሞ የመጠበቅ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ ያወቀ ሰው አይፕታሲያን ሳይረግም ያስወግዳታል፤ እንዳትመለስም በመጀመሪያ የገዛ እጁን ይመጥናል።