ጠመንጃ በቤት ማኖር ወንጀልን ያርቃልን?

በአርሲ ደጋ፣ በበቆጂና በዙሪያዋ ባሉት አጥቢያዎች፣ ለንስሐ አባቶች ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አባቴ፣ በሬዬን ሸጬ ክላሽ ብገዛ ኃጢአት ይሆንብኛልን? ቤቴንስ ከወንበዴ ያድንልኛልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሽርካ ወረዳ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን በታጠቁ ሰዎች እጅ ከተገደሉ ወዲህ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ራሱ ዓይኑን ሳይከድን የሚያነጋ አባወራ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጠያቂውን ገሥጾ መስደድ የእረኛ ሥራ አይሆንም፤ በእውነት ሊመለስለት ይገባል እንጂ።

በጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የሕግና የሃይማኖት ነው። ሁለተኛው ጠመንጃ በእውነት ሌባንና ነፍሰ ገዳይን ያርቃል ወይስ ያቀርባል የሚለው የኑሮ ነገር ነው። እኛ ካህናት ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን እንዘልለዋለን፤ ምእመኑ ግን የሚያስጨንቀው ይልቁንም እርሱ ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምር።

ጠመንጃ በአገራችን እንደ ተራ ዕቃ የሚታይ አይደለም። ስናድሩ፣ ናስማሰሩ፣ ውጅግራውና ምንሽሩ በየተራ ገብተው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የአገርን ነፃነት አስጠብቀዋል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ዘመንም አርበኛው ገሚሱ የገዛ ጠመንጃውን ገሚሱም ከጠላት የማረከውን ይዞ በዱር በገደል ተዋግቶአል። ስለዚህ ገበሬው ጠመንጃን ከክብሩ ጋር አያይዞ ቢያይ አይደንቅም። ነገር ግን ይህ ታሪክ በዚህ ደጋ ላይ ሌላ ገጽ አለው፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ለማስገበር በመጣ ጊዜ የአርሲ ኦሮሞ በፈረስና በጦር ብዙ ዓመት ተከላክሎ በመጨረሻ በጠመንጃ ተሸነፈ። ከዚያም ባለጠመንጃው «ነፍጠኛ» ተብሎ በገባሩ ላይ ተተከለ፤ ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ነውና። እንግዲህ ዛሬ አንዱ ጎረቤት ጠመንጃ ሲያይ ዓድዋን ያስታውሳል፤ ሌላው ጎረቤት ደግሞ ቅድመ አያቱ ያጣውን መሬት ያስታውሳል። ያ ሰው ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ የገዛው መሣሪያ በዚህኛው ዓይን የማጥቂያ መሣሪያ ሆኖ ይታያል፤ ይህም ፈርቶ በበኩሉ ይገዛል፤ የፊተኛው ይህን ሰምቶ ዝናር ይጨምራል። ሁለቱም ከፍርሃት በቀር ክፉ ሳያስቡ አጥቢያው በሙሉ ይታጠቃል።

የዓለሙንም ነገር ጥቂት እንመልከት። በስዊስ አገር በጄኔቭ የሚገኘው የአነስተኛ የጦር መሣሪያ ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በዓለም ላይ በሲቪል ሰው እጅ 857 ሚሊዮን ያህል ጠመንጃና ሽጉጥ እንዳለ ገምቶአል፤ ከዚህም 393 ሚሊዮን ያህሉ በአሜሪካ ነው፤ ይኸውም ከአገሩ ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል። መሣሪያ መብዛቱ ብቻውን ወንጀልን የሚያርቅ ቢሆን ኖሮ፣ ከበለጸጉት አገሮች መካከል አሜሪካ ከሁሉ ያነሰ ግድያ ባየች ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ስርቆቱና ድብድቡ ከአቻዎችዋ አገሮች ብዙም ሳይለይ ግድያው እጅግ ይበልጣል። ሌባው በዚያም ሌባ ነው፤ ተጣይውም በዚያ ተጣይ ነው፤ የሚለየው ጠብ በተነሣ ጊዜ እጅ የሚያገኘው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ለክርክር የሚመች ቁጥር ብቻ መርጦ ማቅረብ የመምህር ወግ አይደለም። ጆን ሎት የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ መሣሪያ መያዝ ሲፈቀድ ወንጀል ይቀንሳል ብሎ ተከራክሮአል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ጉባኤ ነገሩን አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 የሰጠው መልስ ግን፣ የተገኘው ማስረጃ ይቀንሳልም ይጨምራልም ለማለት አይበቃም የሚል ነበር። ስዊስም አለች፤ ወታደርነቱን የሚፈጽም ዜጋ ጠመንጃውን ከቤቱ እያኖረ ግድያ ጥቂት ነው። እንግዲህ ብረቱ ብቻውን አይገድልም ለሚለው ሰው ይህ ምስክር ይሆነዋል። በዚያ አገር ግን ዳኛው ይታመናል፤ ፖሊሱ ሲጠራ ይደርሳል፤ መሣሪያውም በመዝገብ የታወቀ ነው። ደግሞም ይህችው ስዊስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሠራዊትዋን በብዙ በቀነሰች ጊዜ በየቤቱ ያለው ጠመንጃ አነሰ፤ ከዚያም ወዲህ በወጣት ወንዶች ዘንድ ራስን መግደል እንደ ቀነሰ ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። ይህን የንስሐ አባት ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። በአሜሪካም በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው በገዛ እጁ የሚሞት ነው። ወንበዴን ለማስፈራራት የተገዛው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ወንበዴውን ሳያይ ኖሮ፣ አንድ ቀን ልቡ የተሰበረውን የቤቱን ልጅ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማሳችን እንመለስ። የሁለት ጎረቤታሞች ነገር እንውሰድ። የአንዱ ከብት ገመድ በጥሶ የሌላውን ገብስ ፈጀ፤ ወይም በእርሻ ጊዜ ድንበር ተገፋ፤ በዚህ ላይ አረቄ ተጨመረበት። እጃቸው ዱላ ቢያገኝ ራሱ የተፈነከተው ይታሰርለታል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሳ ይከፈላል፤ በዓመቱ በአንድ ደቦ ያጭዳሉ። እጃቸው ጠመንጃ ቢያገኝ ግን አንዱ ሬሳ ነው፤ ሁለተኛው ሽፍታ ወይም እስረኛ ነው፤ የሟች ወንድም ደም መላሽ ነው፤ የገዳይ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ቂሙ አንድ፣ ቁጣውም አንድ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ነገሩን ከካሳ ወደ ደም አሻገረው። ዱላ ለጸጸት ጊዜ ይሰጣል፤ ጥይት አይሰጥም። በቤተ አማራም ደም የመመለስ ነገር ስንት ቤት እንዳጠፋ የጎጃምና የጎንደር ካህናት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የአርሲ ኦሮሞ አባቶች ይህን አጥብቀው ስለሚያውቁ የፈሰሰ ደም ሌላ ደም እንዳይጠራ ጉማ የሚባለውን የእርቅ ሥርዓት አቆይተዋል። እናቶችም ሲንቄ አላቸው፤ በጋብቻዋ ቀን ለሴት ልጅ የምትሰጥ በትር ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣዮች መካከል ሲገቡ ያንን አልፎ መምታት ነውር ነው፤ ጠቡ ይቆማል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የምትታሰበኝ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 25 ያለችው አቢግያ ናት። ዳዊት በናባል ስድብ ተቆጥቶ አራት መቶ ሰው አስታጥቆ ሲወርድ፣ እርስዋ እንጀራና ወይን ጠጅ ጭና በመንገድ ተቀበለችው፤ እርሱም እጁን ከደም ስለ ከለከለችለት እግዚአብሔርን አመሰገነ። ልብ በሉ፤ ዳዊት ሰይፍ መያዙ ናባልን የተሻለ ሰው አላደረገውም፤ ዳዊትንም ለነፍሰ ገዳይነት አቅርቦት ነበር። ነገር ግን ሴት በመካከል እንድትደርስ በሰይፍና በሰይፍ መካከል መንገድ መኖር አለበት። ከመቶ ሜትር በሚተኰስ ክላሽ ፊት ሲንቄ ምን ጊዜ አላት?

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ቤቱን የሚከላከል ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያን የለም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 በሌሊት ግንብ ሲነድል የተገኘን ሌባ የመታ ሰው ቢገድለው የደም ዕዳ እንደሌለበት ይናገራል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢገድለው ግን ዕዳ አለበት ይላል። በጨለማ የመጣው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል አይታወቅምና፤ በብርሃን ግን ይታወቃል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ስለ ሠላሳ ኩንታል ገብስ የሰው ነፍስ አይጠፋም ማለት ነው። በነህምያ ዘመን ቅጥሩን የሚሠሩት በአንድ እጅ ሥራ በአንድ እጅ መሣሪያ ይዘው እንደ ነበር የሚጠቅሱ አሉ፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ በአንድ ሹም ሥር፣ በመለከት ድምፅ የሚሰበሰብ የከተማ ጥበቃ ነበር እንጂ እያንዳንዱ በየቤቱ ለየቂሙ የታጠቀው አልነበረም።

ጌታችንም በሕማሙ ሌሊት ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ ይግዛ ማለቱን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 አንብበው ለመታጠቅ ፈቃድ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ሁለት ሰይፍ አለ ባሉት ጊዜ ግን ይበቃል አላቸው። ለአሥራ አንድ ሰው፣ ያን ያህል ጭፍራ በሚመጣበት ሌሊት፣ ሁለት ሰይፍ ለጦርነት ይበቃልን? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ሰይፎቹ የፋሲካውን በግ ለማረድ የቀረቡ ቢላዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ተርጕሞአል። ጴጥሮስም አንዱን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ጌታ ጆሮውን መልሶ ፈወሰ፤ ሰይፉንም ወደ ሰገባው አስገባው። ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው ቀኖና በጦርነት የገደለውን እንኳ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢርቅ መልካም ነው ይላል፤ በ55ኛው ቀኖና ደግሞ ወንበዴዎችን ለመግጠም የወጣ ምእመን ከቍርባን እንዲከለከል፣ ካህን ከሆነም ከክህነቱ እንዲሻር አዝዞአል። ስለዚህ እኛ ካህናት መስቀል በጨበጠው እጅ ሽጉጥ የመያዝ ጥያቄ ጨርሶ ሊነሣብን አይገባም። በመንገድ አደጋ አለና ነው የሚል ወንድም ይኖራል፤ አደጋው እውነት ነው፤ ቀኖናውም እውነት ነው።

ምእመኑን በተመለከተ መጀመሪያ የሚነገረው የአገር ሕግ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሎአል። ፈቃድ ላለውም ሰው የንስሐ አባቱ የሚጠይቀው አያጣም። ጥይቱ ከጠመንጃው ተለይቶ ተቈልፎአልን? ልጆች ይደርሱበታልን? በቤቱ ያዘነ፣ ከመጠጥ የማይለይ፣ ወይም ከወንድሙ በክስ ላይ ያለ ሰው አለን? ካለ ያ ሰው እስኪረጋጋ ድረስ መሣሪያው ለታመነ ዘመድ በአደራ ይሰጥ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ሰው ወድቆ በቤትህ ላይ ደም እንዳይሆንብህ ለሰገነትህ መከታ ሥራለት ካለ፣ ለጠመንጃማ ምን ያህል መከታ ያስፈልገዋል! በሠርግ፣ በልቅሶና በጥምቀት ወደ ሰማይ የሚተኰሰውም ይቅር፤ ወደ ላይ የወጣ ጥይት ሁሉ ወርዶ የሚያርፍበት አለው።

መንግሥትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ባለሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ አስተምሮአል፤ እርሱ የታጠቀው ገበሬው እንዳይታጠቅ ነው። የተጠራ ፖሊስ በሦስተኛው ቀን የሚደርስበት፣ ገዳይ የማይያዝበት ቀበሌ ገበሬውን ትጥቅህን ፍታ ቢለው ማን ይሰማዋል? በዚህ ደጋ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በሕፃንነታቸው ሮጠውበታል፤ ዛሬም የበቆጂ ልጆች ሳይነጋ ወጥተው ይሮጣሉ። ወላጅ ልጁን በዚያ ሰዓት ያለ ሥጋት የሚሰድደው ጎዳናው ሲጠበቅ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ስለ ታጠቀ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ መሣሪያ ይያዝ ወይ ተብሎ በሰበካ ጉባኤ ለሚጠየቀው፣ መልሱ ይህ ነው፤ በፈቃድና በመዝገብ፣ በተመረጠ ምእመን እጅ፣ ከቅጽሩ በር ላይ ይሁን፤ ወደ ቅኔ ማኅሌት አይግባ፤ ጥይቱም ተቈጥሮ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ጥበቃው ሲለወጥ የሚረከበው ሰው ቈጥሮ ይፈርም።