ወልዶ የመሳም ዋጋ

በክርስቲያኑ ቤት ለወለደች ሴት የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ስለ ሕፃኑ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስለ እናቲቱ መትረፍ የሚያመሰግነው ይህ አነጋገር፣ መውለድ ከሞት አፋፍ ደርሶ የመመለስ ያህል መሆኑን የጥንት ሰዎች አሳምረው ያውቁ እንደ ነበር ያስረዳል። እነዚያው ሰዎች ሙሽራን ሲመርቁ ግን «ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃሽ» ይላሉ። በምኞቱና በአደጋው መካከል የምትቆመው ሴቲቱ ናት።

ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) በእንግሊዝ አገር፣ በኦልደም ከተማ፣ ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። ለዚህ ያበቃውን ምርምር ከመሩት አንዱ የሆነው ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህንኑ ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል ተከፈተ። ቀድሞ የዕድል ነገር ተብሎ ይታለፍ የነበረው ጉዳይ በሰው እጅ ገባ፤ በሰው እጅ የገባ ነገር ደግሞ በሰው ኅሊና መመዘኑ አይቀርም።

በልጅነት በቶንሲል ሳቢያ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ የብዙ ወጣቶችን የልብ በር ያበላሻል። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበ የልብ በር ይህን ሁሉ ደም ማሳለፍ ሲሳነው ደሙ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ሳንባን በውኃ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ልብ ያላት፣ በዚያም ላይ ያለ ሕክምና መፀነስ ያልቻለች ሴት ሐኪም ዘንድ ቀርባ «ልጅ እንድወልድ እርዱኝ» ብትል ምን ይመለስላታል?

«ሕይወቴ የኔ ነው» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያንኑ የታመመ ልብ ይዛ በራሷ የፀነሰችን ሴት ማንም «በማን ፈቃድ?» ብሎ አይጠይቃትም፤ እንዲያውም ሐኪም ሌሊትና ቀን ይጠብቃታል። መፀነስ ያቃታት እኅቷ ብቻ በሸንጎ ፊት እንድትቆም ማድረግ በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ለመጀመሪያዋ ሐኪሙ የመጣውን አደጋ ተከላካይ ነው፤ ለሁለተኛዋ ግን አደጋውን ከሚያመጡት አንዱ ይሆናል። ጎርፍ የወሰደውን ሰው ለማዳን መዋኘት አንድ ነገር ነው፤ ዋና የማያውቅን ሰው፣ ራሱ «አውርደኝ» ቢልም እንኳ፣ በታንኳ ወስዶ ከሐይቁ መካከል ማውረድ ሌላ ነው። ሴቲቱ በገዛ ሕይወቷ ላይ ያላት መብት የሐኪሙን እጅ የማዘዝ መብት አይሆንም።

የሚወለደው ልጅስ? «ያለ እናት ከሚቀር ባይወለድ ይሻለዋል» የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው እንቆቅልሽ ግን ይህን አባባል ያናጋዋል፤ ለዚያ ልጅ ያለው አማራጭ የተሻለ ሕይወት ሳይሆን ከናካቴው አለመኖር ነውና። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው፣ ኀዘኑ ጥልቅ ቢሆንም፣ «ምነው ባልተወለድሁ» የሚለው ስንቱ ነው? ስለዚህ የልጁ ነገር አሳዳጊ አስቀድሞ እንዲታሰብለት ያስገድዳል እንጂ ብቻውን ክልከላን አያጸናም።

ከሁሉ የሚከብደው የምርጫው ነጻነት ነው። «መካን» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት፣ ያልወለደች ሚስት ትዳሯ በሚናጋበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ «ብሞትም እወልዳለሁ» የምትለውን ሴት የሚያናግራት የልጅ ናፍቆት ይሁን የአማት ፊት መጥቆር መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን በፍርሃት ተገፍታ ይሆናል ብሎ ቃሏን መንጠቅ ሁለተኛ በደል ነው። መጠየቂያው ችሎት የመሰለ እንደ ሆነ ደግሞ እውነቱ ይሸሸጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በ66 ዓመቷ መንታ የወለደች አንዲት ስፔናዊት ለሐኪሞቿ «55 ዓመቴ ነው» ብላ እንደ ነበር ራሷ ገልጻለች፤ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ልጆቿ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሕመም ሞተች።

እንግዲህ መለኪያው የአደጋው መኖር ሳይሆን ዐይነቱ ነው። ሊቀነስ የሚችል አደጋ አለ፤ የጠበበው የልብ በር አስቀድሞ ሊታከም ይችላል፤ ወደ ማኅፀን የሚገባው ፅንስ አንድ ብቻ ሲሆንም የመንታ እርግዝና ሥጋት እጅግ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሐኪሙ «ቆዪ» ማለት እንጂ «አይሆንም» ማለት አይገባውም። ሊቀነስ የማይችልም አለ፤ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ እርግዝና እናቲቱን ለሞት ያቀርባታልና፣ ሐኪሙ እጁን ቢሰበስብ ጨካኝ አይባልም። ያን ጊዜም ቢሆን እውነቱን ሳያድበሰብስ፣ ሳያስፈራራና ሳይገሥጽ ሊነግራት ይገባል።

የቀረው ዕዳ የኅብረተሰቡ ነው። ያልወለደች ሴት በጉዲፈቻ ብታሳድግ እናት፣ ባታሳድግም ሙሉ ሰው ተብላ በተከበረች መጠን፣ ሕይወቷን አስይዛ ወደ ሐኪም የምትሄደው በፍቅር እንጂ በፍርሃት አይሆንም። ከሞት ደጃፍ ለተመለሰችው «ማርያም ማረችሽ» ማለት የሚያውቅ ሕዝብ፣ ያን ደጃፍ ላልረገጠችውም የክብር ቃል ሊያበጅላት ይገባዋል።