ምኞትና ሚዛን

ሰው እውነትን ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ለምርመራ የሚያነሣሣው ምኞት ነው፤ ሁለተኛው የመረመረውን የሚመዝንበት ሚዛን ነው። ምኞት የሌለው ከደጁ አይወጣም፤ ሚዛን የሌለው ደግሞ ምንም ያህል ርቆ ቢሄድ ይዞ የሚመለሰው ይዞ የሄደውን አሳብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ያሉት ሰው፥ ምኞቱ ሚዛኑን በስውር ሲጫንበት ምን ይሆናል? ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። ለጥያቄያችንም ምስክር ይሆነን ዘንድ በአገራችን ብዙ ዘመን የቆየውን ፈረንሳዊ የምድር ልኬትና የከዋክብት ሊቅ፥ ሙሴ አንቷን ዳባዲን መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ፥ በደብሊን ከተማ፥ ከባስክ ወገን ከሆነ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ በልጅነቱም ወደ ፈረንሳይ ተወስዶ በዚያ ተማረ። የምድርን የመግነጢስ ኃይል ለመመልከት ወደ ብራዚል ተልኮ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ ጎንደር ደረሰ። የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁት በተረዳ ጊዜ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሻሉትን ይዞ መጣ። ከዚያም እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ሲዘዋወር ኖረ። መሣሪያ ስላልበቃው ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ ሰው ለሚዛኑ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ከዚህ እንረዳለን።

የሥራው ዘዴ ለመረዳት አያስቸግርም። በአንድ ተራራ ላይ ቆሞ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ ይለካል፤ ወደ ሌላው ተራራ ተሻግሮም እነዚያኑ እንደገና ይለካል፤ ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ የተፈለገው ተራራ ስፍራ ይታወቃል። ሌሊት ከዋክብትን በመመልከት ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል። ከፍታን ለማወቅ ደግሞ ውሃ ይፈላል። በወንዛዬ ፍል ውሃ የሚታጠበው ሰው ከውሃው ሙቀት ፈውስን ይሻል፤ የምድር ለኪው ግን አፍልቶ ከለካው ውሃ የቆመበትን ምድር ከፍታ ያነባል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጣና ዳር፥ በባሕር ዳር ከተማ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ነው። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበው ልኬት ከ1860 እስከ 1873 በኢትዮጵያ የምድር ልኬት መጽሐፉ ታተመ። በ1881ም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ተራራውን እንዳየው፥ ቃሉንም እንደሰማው መዘገበ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በባሕር ዳር ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ስፍራ የሚመለከት ሰው የወንዙ መነሻ ሐይቁ ነው ወይስ ሐይቁን የሚመግበው የግሽ ምንጭ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የግሽን ምንጭ ፖርቱጋላውያንን ተከትሎ የመጣው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 አይተው ጽፈውለታል፤ የአገሩ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ያውቀው ነበር። ስለዚህ በዳባዲ ዘመን ለአውሮፓ መንገደኛ የቀረው ታላቅ ክብር የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር፤ ዳባዲም ይህን ክብር አጥብቆ ተመኘ። በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ጊቤ ምንጭ ደርሶ የነጭ ዓባይ መነሻ ይህ ነው ሲል አወጀ፤ ለዓመታትም ተከራከረለት። ነገር ግን ጊቤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም በ1896 በጣሊያናዊው በቦቴጎ ጉዞ እንደተረጋገጠው ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም። ዳባዲ በማግሥቱ ዓመት በ1897 ሞተ።

ልብ እንበል፤ የለካው እጅ አንድ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ነው። ስለ አንድ ተራራ ስፍራ ሲጽፍ ተራራው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢሆን የሚያገኘው ክብር አልነበረም፤ ስለዚህ ሚዛኑ በትክክል ቆመ። ስለ ጊቤ ሲጽፍ ግን መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ በልቡ ነበረ። ዓይኑ እስከሚያየው ድረስ ለካ፤ ዓይኑ ከማያየው ወዲያ ያለውን የወንዙን ጉዞ ምኞቱ ሞላለት።

ከሳሹም ከዚህ ወጥመድ አልዳነም። በጎጃም ተዘዋውሮ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከነጭራሹ ወደ ከፋ አልሄደም ብሎ ነቀፈው። ዳባዲ ግን በ1843 በእናርያ በኩል ከፋ ደርሶ ነበር። ቢክ ስለ ምንጩ መጠራጠሩ ትክክል ነበር፤ ተቀናቃኙን ሐሰተኛ ለማድረግ መቸኮሉ ግን ሌላ ምኞት ነበር። የሰውን ስሕተት አይቶ ሰውየውን በሙሉ መጣል ያው ሚዛንን ማጣት ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፥ ዘመን ሲያልፍ ልኬቱ ከስሕተቱ ተለይቶ ጸና።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ምኞት እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ፥ ሊቅ የሚባል ሰው ምኞትን ከልቡ ነቅሎ ይጣል ማለታችሁ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። የዓባይ ምንጭ ምኞት ባይኖር ዳባዲ ከፈረንሳይ ባልወጣ፥ ተራሮቹም በእጁ ባልተለኩ ነበር። ምኞት እግር ይሁን እንላለን፤ ሚዛን ግን አይሁን።

ይህንንም ራሱ ዳባዲ በኋላ ዘመኑ እንደተረዳው የሚያሳይ ነገር አለ። በስፔን ወሰን አጠገብ፥ በባሕር ዳርቻ ባሠራው ግንብ ውስጥ፥ ግድግዳዎቹን እየበሳ ረጅም ቀዳዳ አስወጣ፤ አሳቡም በዚያ ቀዳዳ ላሩን የሚባለውን ተራራ እየተመለከተ፥ ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለመመርመር ነበር። ሙከራው ግን አልተሳካም። ዳባዲ ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን ሊያስረሳ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አላየሁም፥ አልተማርሁምም የሚል ቃል በባስክ ቋንቋ በድንጋይ አስቀረጸበት። በግንቡ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍና የኢትዮጵያ ሥዕል አለ፤ በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ክብር በዚያ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ያ ድንጋይ ነው። በጊቤ ምንጭ ያልተናገረውን ቃል በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፈው።

የእኛ ሊቃውንት መጽሐፍ ሲተረጉሙ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ፍች ከመጀመሪያው አጠገብ ያኖራሉ። ይህች ትንሽ ቃል መምህሩ ለወደደው ፍች ብቻ እንዳያደላ ትጠብቀዋለች። ዳባዲ በጊቤ ዳር «አንድም ይህ ወንዝ ወደ ሌላ ባሕር ይሄድ ይሆናል» ቢል ኖሮ ከክብሩ ምንም ባልጎደለበት ነበር።

ነገሩ የጥንት መንገደኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ ከውሃው ምን ያህሉን እንደሸፈነ መለካት ዛሬ የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ሥራው ተሳክቷል ለማሰኘት የሚሻ ለኪ አረሙን ሊያሳንሰው ይፈተናል፤ ገንዘብ እንዲጨመርለት የሚሻም ሊያበዛው ይፈተናል። በሁለቱም መካከል የሚጎዳው መረቡን ጥሎ የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እርሱ የሚኖረው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሐይቁ ላይ ነውና። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ የወደደውን ቍጥር ከበታቹ አይጠይቅ፤ መምህሩ «ይህን አላውቅም» የሚለውን ተማሪ አያሳፍር፤ ተማሪውም ያላየውን አየሁ ብሎ አይጻፍ። የለካነውንና የተመኘነውን በሁለት ዓምድ ለይተን የመጻፍ ልማድ ካገኘን፥ ከሊቁ ልኬትም ከስሕተቱም እኩል ተምረናል ማለት ነው።