ሱሱን ያልተወን ሰው መርዳት ከኃጢአቱ መተባበር ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ሱሱን ያልተወን፣ ምናልባትም ዛሬ ለመተው ያላሰበን ሰው ከሞት መጠበቅ ይገባናልን? ወይስ እንዲህ ያለው እርዳታ ኃጢአቱን መደገፍ ይሆንብናል? በየሰፈሩ «መጀመሪያ ይተው፣ ከዚያ በኋላ እንረዳዋለን» ሲባል እንሰማለን። ይህን አባባል በእምነታችን ሚዛን ልንመዝነው ወደድን።

ስለ ሱስ ሲነሣ በእኛ በጉለሌ ሰው ቶሎ የሚያስበው አረቄን፣ ጫትን፣ ሲጋራንና የጎዳና ልጆች የሚስቡትን ማስቲሽ ነው። ዛሬ ግን ሌላም አለ። ለከባድ ሕመም ማስታገሻ የተሠሩ፣ ከኦፒየም ወገን የሚቆጠሩ መድኃኒቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ትራማዶል የሚባለው ነው። ትራማዶል በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ወይም በካንሰር የሚሠቃየውን ሰው ያሳርፋል። ያለ ትእዛዝ፣ ለደስታና ችግርን ለመርሳት ሲወሰድ ግን ሰውን ባሪያ ያደርጋል። ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ሄሮይን የዚሁ ወገን ናቸው፤ በአዲስ አበባም ሄሮይንን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል።

እነዚህ ነገሮች ሰውን የሚገድሉት በአንጎል ውስጥ መተንፈስን የሚያዘውን ክፍል በማድከም ነው። መጠኑ ሲበዛ ሰውየው ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ትንፋሹ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲሆን አደጋው ይብሳል። ትራማዶል ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሱሱን ለጥቂት ሳምንታት ትቶ የቆየ ሰው ሰውነቱ ቀድሞ የለመደውን መጠን መቻል ያቅተዋል። ከእስር ቤት የወጣ፣ ከሆስፒታል የተመለሰ፣ ወይም በጠበል ቦታ ሱባዔ ይዞ የከረመ ወጣት ፈተና አሸንፎት የቀድሞውን ያህል ቢወስድ፣ ያን ጊዜ ያልገደለው መጠን አሁን ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ እኛ «ዳነ» ብለን እልል የምንልበት ሳምንት ለእርሱ እጅግ አደገኛው ሳምንት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳይነግሩት «በርታ» ብሎ ብቻ ማሰናበት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር ልዩ ልዩ መንገድ ተፈልጎለታል። ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በመርፌ ወይም በአፍንጫ ሲሰጥ የኦፒየምን ወገን ኃይል ለጊዜው ገፍቶ ትንፋሽን ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ይህ መድኃኒት ከሐኪሞች በተጨማሪ ለሱሰኛው ቤተሰብና ጓደኞችም እንዲደርስ፣ አጠቃቀሙንም እንዲማሩ መክሯል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ታንዛኒያ ደግሞ ቀደም ብላ በ2011 ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት በጤና ባለሙያ ፊት በየቀኑ ማጠጣት ጀምረዋል። ሜታዶን የሱሱን ጥማት ስለሚያበርድ ሰውየው ከመርፌና ከስርቆት እንዲርቅ፣ ሥራም እንዲይዝ ይረዳዋል። መርፌውን ገና ላልተወው ደግሞ በኤች.አይ.ቪ. እንዳይያዝ ንጹሕ መርፌ የሚሰጥባቸው ሀገሮች አሉ።

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች አሉ፤ ተቃውሟቸውም ከክፋት የመነጨ ነው አንልም። አንድ አባት «ንጹሕ መርፌ ብሰጠው ቀጥል ማለቴ አይደለምን?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ መምህርም «ታናናሾቹ አይተው አደጋ የለውም ብለው ቢጀምሩስ?» ብሎ ቢሠጋ ትክክል ነው። ነገር ግን ያልጀመረውን ማስተማርና የወደቀውን ማንሣት ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ናሎክሶንም ቢሆን የሚያስደስት መድኃኒት አይደለም። ሱሰኛውን ከስካሩ በድንገት አውጥቶ ያስጨንቀዋል፤ ለደስታ ብሎ የሚፈልገው የለም። ጥቅሙ አንድ ነው፤ ሰውየው ነገን እንዲያይ ያደርገዋል።

የእምነታችንስ ሥርዓት ምን ያስተምረናል? የንስሐ አባት ለበረታውና ለደከመው አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጡም። ጉልበት ላለው ስግደት፣ ለታመመው እንደ አቅሙ ጸሎት ያዝዛሉ። ዳግመኛ የወደቀ ልጅ ሲመጣም በራቸውን አይዘጉበትም። በወንጌል የምናነበው ደግ ሳምራዊም የቆሰለውን መንገደኛ «ወንበዴ ባለበት መንገድ ብቻህን ለምን ሄድክ?» ብሎ አልመረመረውም። ቁስሉን አሰረለት፣ በአህያው ጫነው፣ የእንግዳ ማረፊያውንም ዋጋ ከፈለለት። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ወደ ገነት የገባው በመጨረሻይቱ ሰዓት በተናገረው ቃል ነው። ንስሐ የሚገባው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሱሰኛውን ትንፋሽ መጠበቅ የንስሐውን ጊዜ መጠበቅ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከጉለሌ ሽቅብ ብንመለከት እንጦጦ አለ። ኤች.አይ.ቪ. በበረታበት ዘመን ብዙ ሕሙማን ለጠበል ወደዚያ ወጥተዋል። በ1997 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና ሁለቱን አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለሱስ ሕሙማንም የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ሆኖም መርዳት ማለት ሁሉን መፍቀድ አይደለም። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ስንት ቀን የደከመበትን ጋቢ ልጁ ሰርቆ ለሱሱ ቢሸጥበት፣ የአባት ቁጣ እውነተኛ ቁጣ ነው። ለመግዣ ገንዘብ መስጠት፣ ስርቆቱን መሸፈን፣ ስለ እርሱ መዋሸት እርዳታ አይባልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጆች ክኒን የሚሸጠውም በሕግ ሊጠየቅ ይገባል። አባት ሣጥኑን ሊቆልፍ ይችላል፤ ልጁ ሲወድቅ ግን እጁን ሊቆልፍበት አይገባም።

እንግዲህ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ምልክቱን እንወቅ። ቢጠሩት ቢነቀንቁት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ያለ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ የጠቆረ፣ የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ሰው «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ተብሎ አይተውም። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ እንጥራ፤ ወይም በተገኘው መኪና በክፍለ ከተማችን ወዳለው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እናድርሰው። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እናስተኛው፤ መተንፈስ ካቆመ የሚያውቅ ሰው አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይስጠው። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ አይጠቅምም። የወሰደውንም ለሐኪሙ እውነቱን እንንገር፤ በኀፍረት የሚደበቅ እውነት ሰው ያስገድላል። ናሎክሶን ቢሰጠውም ኃይሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ ስለማያልፍ፣ የወሰደው ነገር ተመልሶ ሊጥለው ይችላልና ከሐኪም አይለይ። ለመተው ሲወስን ደግሞ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አብረነው እንሂድ፤ ለንስሐ አባቱም እናገናኘው።

ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ትቶ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ይህ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ለቀብሩ የምንሰበሰብለት ወንድማችን በሕይወቱ ሳለ «ሱሰኛ» እያልን መንገድ የቀየርንበት ከሆነ፣ ልቅሷችን ዘግይቷል። ተደብቆ ብቻውን የሚወስድ ሰው ሲወድቅ የሚያየው የለምና፣ በእኛ መሸሽ የሚሞት ሰው አለ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላምታችንን አንከልክለው፤ ሱሱን እየተቃወምን ሰውየውን እንጠብቅ። የነፍሱን ነገር የሚፈርድ እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ትንፋሹ እንዳይቋረጥ መትጋት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።