ለብቻው የታሰረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጾም ወራት ስንቅ ይዘን ወደ ማረሚያ ቤት እንሄዳለን። እስረኛው ይጠራል፣ ይወጣል፣ እንጠይቀዋለን። ተጠርቶ የማይወጣውስ? አንዱ ሰው ስለ ደበደበ ለቅጣት፣ ሌላው ሰው እንዳይገድለው ለደኅንነቱ ተብሎ ለብቻው ይዘጋበታል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ብቸኝነቱ ግን አንድ ነው።

አንዳንዱ «ምን አለበት? ባሕታውያን አባቶቻችንስ በዋሻ ብቻቸውን ይኖሩ የለም ወይ? ቁጭ ብሎ ኃጢአቱን ያስብ» ይላል። ወገኖቼ፣ ባሕታዊው በማኅበር አገልግሎ፣ በአባቶች ተመርቆ፣ ወዶ ነው የሚገባው። በሩን የሚዘጋው ራሱ ነው። በእስረኛው ላይ የሚዘጋው ግን ሌላ ሰው ነው።

ደግሞም ተሞክሯል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1829 የተከፈተው ወህኒ ቤት፣ እስረኛው ለብቻው ቢቀመጥ ንስሐ ይገባል ተብሎ የተሠራ ነበር። ከክፍሉ ሲወጣ እንኳ ፊቱን ይሸፍኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ሥጋን ከማሠቃየት የከፋ ነው ብሎ ጽፏል። (ንስሐ እኮ ካህን ይፈልጋል!) በ2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው ደንብም ሰው በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተነጥሎ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ መቆየት የለበትም ይላል። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ በዘመዱም በሃይማኖት አማካሪውም እንዲጎበኝ ፈቅዷል።

«ታዲያ አደገኛው ከሌላው ጋር ይደባለቅ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። መለየት ሌላ፣ መጣል ሌላ። ነቢዩ ኤርምያስ በጸሐፊው በዮናታን ቤት እንዳይሞት ንጉሡን ሲለምን፣ ሴዴቅያስ በግዞት ቤቱ አደባባይ አስቀምጦ በየቀኑ እንጀራ እንዲሰጡት አዘዘ። እሱም እስር ነው፤ ግን እንጀራ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ኋላ አለቆቹ ጭቃ ካለበት ጉድጓድ ጣሉት። ማን ደረሰለት? የእኛው ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክ፣ ያ በለስ ይዞ 66 ዓመት ያንቀላፋው። ንጉሡን አስፈቅዶ 30 ሰዎች አስከትሎ ሄደ። ግን መጀመሪያ ከግምጃ ቤቱ በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅ ለቀመ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው። ሊሞት ለደረሰ ሰው ብብት ማን ያስባል? እሱ አሰበ። አውጥቶም ነጻ አልለቀቀውም፣ ሥልጣኑም አልነበረውም። ኤርምያስ ያው በግዞት ቤቱ አደባባይ ተቀመጠ፤ ሰው በሚያይበት።

በዚህ ጾም ስንቅ ስታቀብሉ «ለብቻው ያለ፣ ጠያቂ የሌለው አለ?» ብላችሁ ጠባቂውን ጠይቁት። መግባት አይቻልም ካላችሁ ስንቁን አደራ ስጡለት። የክርስትና ስሙን ካገኛችሁ ደግሞ ለካህኑ ንገሩ፣ በጸሎት ይታሰብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።