የተሸለመው ፊልሙ ነው ወይስ ተስፋው?

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለተማሪዎች በሚሰጠው ሽልማት ከተሸለሙት መካከል በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ መመረቂያ የተሠራ የአንድ ሰዓት ፊልም ይገኝበታል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ብሩክሊን ውስጥ ባለ አንድ ፀጉር ቤት ላይ ነው። ፀጉር ቤቱ የሰፈሩ የቁማር ገንዘብ የሚሰበሰብበትም ቦታ ነው፤ ባለቤቱ ጆ ከገንዘቡ በመቀሸቡ ይገደላል፤ ቤቱን የተረከበው ባልደረባው ቁማሩን እርግፍ አድርጎ ትቶ በመቀሱ ብቻ ለማደር ይታገላል። የፊልሙ አዘጋጅ ስፓይክ ሊ ነበር።

ይኸው ተማሪ በዚያው ትምህርት ቤት በአንደኛ ዓመቱ ሌላ ፊልም አቅርቦ ነበር። ያኛው በ1915 የወጣውን፣ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለ ፊልም እንደገና እንዲጽፍ ስለተቀጠረ ጥቁር ደራሲ የሚናገር ነው። ሊ ራሱ በኋላ እንደተናገረው በዚህ ሥራ ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ሊባረር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጁ ያው ልጅ፣ ትምህርት ቤቱም ያው ትምህርት ቤት። ታዲያ ተማሪ ለክፍል የሠራው ነገር ሲሸለም የሚሸለመው በትክክል ምንድን ነው?

ለክፍል የሚሠራ ሥራ ከሌላው የሚለየው ተመልካቹ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው። መምህሩ ወደደውም ጠላውም እስከ መጨረሻው ማየት አለበት፤ ያያልም። የሚጠይቀውም «ይህ ልጅ ያስተማርኩትን ይዟል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ ትምህርት የለም። ግን ፊልሙን የሚመለከት አይደለም፤ ፊልሙ እዚህ ላይ ማስረጃ ብቻ ነው። የሽልማት ዳኞች ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱን አያውቁም፤ ስለዚህ ሥራውን እንደ ሥራ ለማየት ከመምህሩ የተሻለ ዕድል አላቸው። የሚያሳዝነኝ ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ አለመጠቀማቸው ነው። መድረክ ላይ ወጥተው የሚናገሩት ስለ ፊልሙ ሳይሆን «ተስፋ ስለሚጣልበት ወጣት» ነው። መምህሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ተማረው ያያል፤ ዳኛው ወደ ፊት፣ ገና ወደሚሆነው ያያል። መካከል ላይ ያለው ፊልም ሳይታይ ያልፋል።

አርስቶትል ክብርን የሕይወት ግብ ማድረግ አይቻልም ያለው ክብር ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪው እጅ ስላለ ነበር። አያይዞም ሰዎች ክብር የሚሹት ደግ መሆናቸውን ራሳቸው እንዲያምኑ ነው፤ ስለዚህም አስተዋይ በሆኑና በሚያውቋቸው ሰዎች መከበርን ይመርጣሉ ይላል። ስለ ወጣት ፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ እውነት የተነገረ አይመስለኝም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው እንበል፤ የጓደኞቹን ሌሊት ሰውቷል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ነገር ነፍስ ይኑረው አይኑረው ብቻውን መለየት አቅቶታል። የእሱ ጥያቄ «ይህ የሠራሁት ነገር ሆኗል?» የሚል ነው። «ወደፊት ትልቅ ሰው ትሆናለህ» ብሎ መመለስ ጥያቄውን አለመስማት ነው።

ለክፍል የተሠራ ነገር ሥራ የሚሆነው በሽልማት እንዳልሆነ የሚያሳየኝ የቻርልስ በርኔት ፊልም «ኪለር ኦፍ ሺፕ» ነው። በርኔት ፊልሙን የሠራው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያው፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ፣ በዋትስ ሰፈር ነው። የኛው ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማም በዚያን ዘመን እዚያው ይማር ነበር፤ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ ካሜራ ከያዙለት አንዱ በርኔት ነው። በ«ኪለር ኦፍ ሺፕ» ውስጥ ቄራ የሚሠራ ባልና ሚስቱ ሳሎናቸው ውስጥ በዳይና ዋሽንግተን ዘፈን ቀስ ብለው ይጨፍራሉ። ሚስት ደረቱ ላይ ትጠጋለች፤ እጇ ጀርባው ላይ ይሄዳል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውየው ጥሏት ይወጣል። ከዚህ በላይ ምንም አይሆንም፤ የትዳሩ ድካም ግን ሁሉ እዚያ አለ። በርኔት የዘፈኖቹን መብት አልገዛም ነበር፤ ለትምህርት ቤት ለሚቀርብ ፊልም ማን የዘፈን መብት ይገዛል? በዚህ የተነሣ በ1977 የተጠናቀቀው ፊልም መደበኛ ሲኒማ ቤት የገባው በ2007 ነው። በ1981 በርሊን ላይ የሐያስያን ሽልማት ሲያገኝም፣ በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሲሰፍርም አንዲት ምስል አልተጨመረችበትም። ሥራ የሆነው የተሸለመ ዕለት አልነበረም። በርኔት ሲቀርጸው ከመምህሩ ሌላ ታማኝ ሊሆንላቸው የሚገቡ ሰዎች ነበሩት፤ እነዚያ የዋትስ ሰዎች ናቸው ሥራ ያደረጉት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ሽልማት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ያልታየ ፊልም ግማሽ ፊልም ነው፤ እውቅና ደግሞ ለመታየት በር ይከፍታል። ነገር ግን ሄግል እንዳሳየው እውቅና የሚረካው እኛም እውቅና ከምንሰጠው ሰው ሲመጣ ነው። በ1986 የስፓይክ ሊ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም በካን ፌስቲቫል ተሸልሞ ነበር፤ የሽልማቱ ስም የወጣቶች ሽልማት ነው። ያን ጊዜ ሊ ከትምህርት ቤት ወጥቷል፤ የሚሰጠው ማርክም ሆነ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት አልነበረም። ፊልሙ ብቻ ነበር። እኔ ለተማሪዎች በሚዘጋጅ ማንኛውም መድረክ ላይ እንዲሆን የምመኘው ይህንኑ ነው፤ ዳኛው ማይክራፎን ሲይዝ ስለ ልጁ ዕድሜና ስለ መጪው ዘመኑ ትቶ የትኛው ትዕይንት እንደያዘው፣ የቱ ጋ እንዳልተስማማው፣ ለምን እንዳልተስማማው ይንገረው። ካሜራ የያዘውንና ድምፅ የቀዳውንም በየስማቸው ይጥራ፤ ሠሪው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ፊልም እጅግ ጥቂት ነውና።