ገጹ ሳይታተም



ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረውን የቤታችሁን አሮጌ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ታስታውሳላችሁ? ቀለሙ ውድ ስለነበር ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ደጋግሞ ይነበብ ነበር። ስክሪን ላይ ያለ ስህተት ይታረማል፤ ወረቀት ላይ ከወጣ ግን አይመለስም።

ዛሬ በጁሙዓ የምንቀራው ሱረቱል ካህፍ፣ አንቀጽ 49 ላይ፣ ትንሽም ትልቅም ሥራ ሳያስቀር ስለሚመዘግበው መጽሐፍ ይነግረናል። በስልካችሁ የጻፋችሁት ስድብ፣ ያስተላለፋችሁት ሐሜትም እዚያ አለ። ከስልክ ስላጠፋችሁት ከዚያ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው እውነተኛ ተውበት ነው።

እስትንፋሳችን እስካለ ገጹ ገና አልታተመም። ዛሬውኑ ኢስቲግፋር እናብዛ፤ ያማነውን ሰው ዐፉታ እንጠይቅ።

አላህ መጽሐፋቸውን በቀኝ እጃቸው ከሚቀበሉት ያድርገን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!